በግንቡ ፈንታ የተተከለ ሣር

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሆቴል ደጃፍ ሳልፍ አንድ ሰው ረጃጅም ሣር በማጭድ ያጭድ ነበር። ለጌጥ የተተከለ፣ ጫፉ እንደ ቀበሮ ጅራት የጎፈረ ሣር ነው። ሌሊቱን ዘንቦበት ስለነበር እርጥብ ሽታው መንገዱ ድረስ ወጥቷል። ቆም አልኩ። ሰውየው ቀና ብሎ «ምን ፈለግሽ?» አለኝ። «ምንም» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። እስከ ማታ ድረስ ግን ሐሳቤ ኻርቱም ነበር፤ ቡሪ የሚባለው ሰፈር፣ የጭቃው ግንብ በወደቀበት ዓመት።

ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ዘይነብ፣ ሐጃ በቱል የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሱዳናዊት አሮጊት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የምንኖረውም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እናቴ ከወሎ፣ ከባቲ የመጣች ናት። እኔ የተወለድኩት ኻርቱም ስለሆነ ባቲን የማውቀው በወሬ ብቻ ነበር። ቀን ቀን የምናገረው ዓረብኛ ነው። ማታ ክፍላችን ገብተን በሩ ሲዘጋ እናቴ «በይ፣ አሁን አማርኛ» ትላለች፤ እኔም ዓረብኛዬን እንደ ጫማ በር ላይ አውልቄ እገባለሁ።

የሐጃ በቱል ቤት ድሮ አንድ ሰፊ ቤት ነበር። አባታቸው ሲሞቱ መሐል ለመሐል በጭቃ ግንብ ተከፈለ። ከግንቡ ወዲያ ማን እንዳለ አንድ ቀን ሐጃን ጠየቅኋቸው። ምስር እየለቀሙ ነበር። «እህት ነበረችኝ፤ ሞታለች» አሉኝና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

አመንኩ። ከግንቡ ወዲያ መቃብር ነው ብዬ ደመደምኩ። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎ ከዚያ በኩል የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። አንዳንዴ ደግሞ ባልዲ ሲንኳኳ ይሰማል። ቁርኣን የሚያስቀሩን ሸኽ ስለ መቃብር ብዙ ነገር ነግረውናል፤ ስለ ሽንኩርት ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። እንግዲህ ሙታንም ይርባቸዋል ማለት ነው አልኩና ነገሩን በዚያው ተውኩት።

ግንቡ የወደቀው በኸሪፍ ነው፤ ሱዳኖች የዝናቡን ወቅት እንዲያ ይሉታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ረፋዱ ላይ አባርቶ ነበር። ሐጃ በቱል በረንዳው ላይ፣ ዓንገሬብ በሚሉት የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ግቢው ውስጥ የተኛውን ውኃ በመጥረጊያ ታስወጣለች። መጀመሪያ የሰው ሳል የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ የግንቡ መሐል ሆዱን ነፋ፤ ነፋና ዝርግፍ አለ። አቧራ እንኳን አልተነሣም። ጭቃው ከመራሱ የተነሣ እንደ ገንፎ ነው የፈሰሰው።

ከክፍተቱ ወዲያ መቃብር አልነበረም። የኛኑ የመሰለ በረንዳ፣ የኛኑ የመሰለ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የኛኑ የመሰለ የውኃ ጋን ነበር። ከጋኑ አጠገብ ሐጃ በቱል ጣሳ ይዘው ቆመዋል። ዞር ብዬ ወደ በረንዳችን አየሁ። ሐጃ በቱል እዚያም ተቀምጠዋል።

ጩኸቴን ለቀቅኩት። እናቴ መጥረጊያውን ጥላ መጥታ አቀፈችኝ። ግንቡ የነካኝ መስሏት እጄን እግሬን ትደባብሳለች፤ «የቱ ጋ ነው? የቱ ጋ ነው ልጄ?» ትላለች። እኔ የጮህኩት የሞተችውን እህት ስላየሁ እንደሆነ መናገር አልቻልኩም።

ሁለቱ አሮጊቶች ትንሽ ተያዩ። ከዚያ ሐጃ በቱል ተነሥተው አልጋቸውን አዞሩና ጀርባቸውን ለክፍተቱ ሰጡ። ከወዲያ በኩልም በር ሲዘጋ ሰማን።

የዚያኑ ቀን ጂዳ ለሚሠራው ለሐጃ በቱል ልጅ ለዑስማን ተደወለ። ግንበኛም መጣ። መሬቱን ረገጥ አድርጎ ሲሞክረው ጫማው ሰጠመበት። «ይሄ ሳይደርቅ መሠረት አላወጣም» ብሎ ጫማውን እየጎተተ ሄደ። ዑስማን ብርዱ ሲገባ ለዕረፍት እንደሚመጣና በጡብ እንደሚያስገነባው በስልክ ተናገረ። እስከዚያ ክፍተቱ ክፍት ነው።

ሐጃ በቱል አንሶላ አሰቀሉበት። ነፋሱ ቀደደው። ምንጣፍ አሰቀሉ። ምንጣፉ ከነገመዱ ወደዚያኛው ግቢ ሄደ፤ ሄዶም ቀረ፤ አምጡልን የሚል አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ሐጃ ከክፍላቸው መውጣት ተዉ። በረንዳ ላይ ውለው የሚያመሹት ሰው፣ መስኮት ዘግተው እራታቸውን ጨለማ ውስጥ ይበሉ ጀመር። በረንዳው ሥር የተከሏቸውን ጽጌረዳዎች እንኳን አይጠይቁም። እናቴ ሰሐኑን እንዳለ መልሳ ስታወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ በራቸው ላይ ቆማ «ሐጃ፣ ክፍተቱ ላይ ሣር ልትከልበት?» አለቻቸው።

«ሣር ቁርጭምጭሚት ነው የሚሸፍነው።»

«ረጅም ሣር አለ። እኛ አገር ከነፈረሱ ሰው ይሰውራል።»

«የፈለግሽውን አድርጊ» አሉ ከውስጥ። «ያቺን ሴት ብቻ አልያት።»

ራክሻ በሚሏት ባጃጅ ተሳፍረን ወንዙ ዳር ወዳለ የችግኝ መሸጫ ሄድን። ባለቤቱ ዓሚ ኢድሪስ የሚባሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቡገንቪሊያ አሳዩን፤ እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ጃስሚን አሳዩን፤ አሁንም ነቀነቀች። ከቦታው ጥግ ላይ ከእናቴ ቁመት የሚበልጥ ሣር ተደርድሮ ቆሟል። አናቱ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ለስላሳ ጎፈር አለው፤ ነፋስ ሲነካው አንድ ላይ ያጎነብሳል፤ አንድ ላይ ይነሣል።

«ይሄስ?» አለች እናቴ።

«ይሄማ አጥሬ ነው፤ አይሸጥም» አሉ ዓሚ ኢድሪስ። «ስንት ፍየል አላችሁ?»

«ፍየል የለንም።»

«በግስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ሣር ምን ያደርግላችኋል?»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «ለማየት ነው፤ ደግሞም ላለማየት» አለች።

ሽማግሌው ሁለተኛውንም ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቁ። አካፋ ይዘው ሄዱና ከነሥሩ ሁለት ጆንያ ሙሉ ቆፈሩልን።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ያደረገችው ነገር ግን አናደደኝ። ያን የመሰለ ሣር አናቱን በቢላ ቆረጠችው። ሥሩንም እንደ ዳቦ እየሰነጠቀች ከፋፈለችው፤ ከእያንዳንዱ ላይ የቀረው አጭር መጥረጊያ የሚያህል ጉቶ ነው። ከወደቀው ግንብ ጭቃና ከችግኝ መሸጫው ከመጣ የፍየል በጠጥ ጋር አደባልቃ በተርታ ተከለችው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ደርቋል፣ ቡኒ ሆኗል። ለሞተች ሴት የሞተ ሣር ተተከለላት አልኩ በሆዴ። ምክንያቱም የዚያኔ እንኳን ሐጃ አምና የሚባሉት የማዶዋ አሮጊት በሕይወት እንዳሉ አልገባኝም ነበር። መንፈሳቸው ወጥታ ውኃ የምትቀዳ ነበር የሚመስለኝ።

ሣሩ ቀስ ብሎ ነው የተነሣው። መጀመሪያ ከጉቶው መሐል መርፌ የመሰለ አረንጓዴ ብቅ አለ። ቀጥሎ ጉልበቴ ጋ ደረሰ። የሐጃ በቱል ጎረቤቶች ሲመጡ ይስቃሉ፤ «ሐጃ፣ ፍየል ልትገዢ ነው እንዴ?» ይላሉ። ማዮ በሚባለው ሰፈር የምትኖር እትዬ መይረም የምትባል የባቲ ሰው ነበረችን፤ አርብ አርብ ልትጠይቀን ትመጣለች። እሷ ደግሞ ሣሩን በጣቷ እያሻሸች «ስንደዶ ይመስላል። ሲደርስ ንገሪኝ፣ ሰፌድ እሰፋበታለሁ» አለች።

«አይነካም» አለች እናቴ።

«ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ይቁም።»

«ዝም ብሎ?»

«አዎ፣ ዝም ብሎ።»

እትዬ መይረም እናቴን ትክ ብላ አየቻትና ወሬ ቀየረች። እናቴ ያልታዘዘችውን ሥራ ስትሠራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሁሉን ጨርሳ እጇን ከታጠበች በኋላ ሄዳ ሣሩ አጠገብ ትቆማለች። ደረቁን ቅጠል ትለቅማለች፤ የተጋደመውን ታቃናለች። ያኔ ስጠራት ቶሎ አትሰማም።

ሣሩ ደረቴ ጋ ሲደርስ ማለዳ ማለዳ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እናቴ ውኃ የምታጠጣው በኛ በኩል ነው። መሬቱ ግን በዚያኛውም በኩል እርጥብ ነው።

«እማ፣ ሙታን ሣር ያጠጣሉ እንዴ?» አልኳት።

«የምን ሙታን?»

«የሐጃ እህት። ሞታለች ብለውኛል።»

እናቴ ባልዲዋን አስቀመጠችና አፏን ቶብ በሚሉት መጎናጸፊያዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች። ብዙ ሳቀች። ከዚያ ቁጢጥ ብላ ፊቴን ያዘችው። «አልሞቱም፣ ነጃትዬ። ለሐጃ ነው የሞቱት እንጂ ለኛ አልሞቱም።»

«ሰው ለአንዱ ሞቶ ለሌላው መኖር ይችላል?»

«ይችላል።»

«አባቴስ? ለማን ነው የሞተው?»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «አባትሽ በእውነት ነው የሞተው» አለች። «አፈሩን አይቼዋለሁ።» ባልዲዋን አንሥታ ሄደች።

ብርዱ ሲገባ ሣሩ አናቱን አወጣ። አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይመስለኛል፣ ክፍተቱ በሙሉ ወይን ጠጅ ጎፈር ለበሰ። ጎፈሩን በእጅ ሲያሻሹት እንደ ድመት ይለሰልሳል። ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ቀኑን ሙሉ ስለሚያወዛውዘው ግቢው በረጅሙ የሚተነፍስ ነበር የሚመስለው። አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ከበስተጀርባው ስታዘቀዝቅ ደግሞ ጎፈሩ ሁሉ እሳት የተለኮሰበት ይመስላል። ሐጃ በቱል አንድ ቀን በዚያ ሰዓት በራቸውን ከፍተው ወጡ። ቆመው አዩ። «ዓንገሬቤን አዙሩልኝ» አሉ።

ከዚያ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ሣሩ አድርገው መቀመጥ ያዙ። ከሣሩ ወዲያም ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ሁለቱም እዚያ እንዳሉ ሁለቱም ያውቃሉ። መነጋገር ግን የለም። የሚናገሩት በእናቴ በኩል ነው።

«ዘይነብ!» ይላሉ ሐጃ በቱል ጮክ ብለው፣ እናቴ አጠገባቸው ሆና ሳለ። «ማንም ያጠጣው ማን፣ ሣሩ የኔ ነው!»

ከወዲያ በኩል ደግሞ «ዘይነብ! ሥሩ የሄደው ወደ ማን ግቢ እንደሆነ ንገሪያት!» ይሰማል።

«ዘይነብ፣ እኔ ድምፅ አልሰማሁም በያት!»

«ዘይነብ፣ ያልሰማች ምን ትመልሳለች በያት!»

እናቴ መሐል ላይ ቆማ አንዱንም አትናገርም። ዓረብኛው የተሰባበረው የእሷ ነው፤ ሁለት እህቶች በገዛ ቋንቋቸው የሚነጋገሩት ግን በእሷ ስም ነበር። እኔ ደግሞ እናቴ በጣም ትልቅ ሰው ሆናለች ማለት ነው፣ ስሟ እንዲህ ከሁለት ወገን የሚጠራው፣ ብዬ ኮራሁ።

ለምን እንደተጣሉ አልተነገረኝም። የቤቱ ክፍፍል ነው የሚል ሰምቻለሁ፤ አንዷ ከሌላዋ ሰርግ ስለቀረች ነው የሚልም ሰምቻለሁ። ዛሬም አላውቅም።

አንድ ማለዳ ከሣሩ ወዲያ ያለው መሬት ደረቅ ነበር። በማግሥቱም ደረቅ ነው። ወንበርም አልተጎተተም፤ እናቴንም የጠራት የለም። ሐጃ በቱል «ዘይነብ፣ ዛሬ ጸጥታ ነው፣ አልሐምዱሊላህ!» አሉ ጮክ ብለው፤ መልስ ጠበቁ። መልስ የለም። ሻያቸው ሲቀዘቅዝ እያየሁ ነበር።

«ሐጃ» አለች እናቴ፣ «መሬቱ ደርቋል።»

ሐጃ በቱል ቶባቸውን አስተካከሉ፤ መቁጠሪያቸውን አነሡ፤ አስቀመጡ። በመጨረሻ «ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ እንጂ!» ብለው ጮሁባት።

እናቴ ሣሩን በሁለት እጇ ከፍላ ገባች። እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። ቅጠሉ ጉንጬን ቧጨረኝ። ሐጃ አምና ክፍላቸው ውስጥ መሬት ላይ ተኝተው አገኘናቸው፤ ከአልጋ ወርደው መመለስ አቅቷቸው ይሁን ወድቀው አላውቅም። ሰውነታቸው እንደ ምድጃ ይነድዳል። አንዲት የሩቅ ዘመድ አርብ አርብ ብቻ ነው የምትመጣላቸው። ነፋሱ የወሰደው ምንጣፋችን ከአልጋቸው አጠገብ ተነጥፏል።

እናቴ ውኃ አጠጣቻቸው፣ ግንባራቸውን አራሰች፣ ከዚያ ሮጣ ወጣች። «ወባ ይመስለኛል። ሆስፒታል መሄድ አለባቸው» አለች። «ሐጃ፣ እኔ ብቻዬን ልወስዳቸው አልችልም። ኢቃማዬ አልታደሰም።» ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀት ነው። እሱ ያልታደሰለት ሰው ፖሊስ ካለበት በር ይሸሻል፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ፖሊስ አለ።  ሐጃ በቱልም ያውቁታል።

ሐጃ በቱል ነጭ ቶባቸውን ለብሰው ወጡ። ወደ ዋናው በር ይሄዳሉ ብለን ጠብቀን ነበር፤ እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ወደ ሣሩ ሄዱና ገቡበት። ለጥቂት ጊዜ ጎፈሩ ሲርገፈገፍ ብቻ ነበር የሚታየው።

ሐጃ አምናን በራክሻ ሲወስዷቸው፣ የሚጠብቀኝ ስላልነበረ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። የሆስፒታሉ በር ላይ የቆመው ፖሊስ እናቴን አየት ሲያደርጋት ሐጃ በቱል እጇን ያዙ። «ከኔ ጋር ናት» አሉት፤ አልቆሙም። ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ሳይል «ለታማሚዋ ምኗ ናችሁ?» አለ።

እናቴ ወደ ሐጃ በቱል አየች። ሐጃ አምና በተሽከርካሪው አልጋ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሐጃ በቱል መቁጠሪያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። ሰውዬው እስኪሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገና «ሐጃ፣ ያላ፣ ሰው እየጠበቀ ነው። ቤተሰብ ነሽ?» አለ።

«እህቷ ነኝ» አሉ ሐጃ በቱል። «ታላቋ ነኝ።»

ሐጃ አምና ዓይናቸውን ሳይገልጡ «በአንድ ዓመት ብቻ» አሉ።

ሐጃ በቱል እዚያው ሆስፒታል አብረው ሰነበቱ። እናቴና እኔ ምግብ እናመላልሳለን። ፖሊሱ ለምዶን ነበር፤ እናቴ ግን በሩን ባለፍን ቁጥር እጄን ጠበቅ ታደርገዋለች። አንድ ቀን ስንገባ ሐጃ በቱል የእህታቸውን ፀጉር እየጎነጎኑ አገኘናቸው። ሁለቱም ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ አዩ።

ሐጃ አምና ድነው ተመለሱ፤ ከስተዋል፣ ግን ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው። የገቡት ወደ ግቢያቸው ነው። እናቴ ሾርባ ይዛ በሣሩ መሐል ስትመላለስ ቀጭን መንገድ ወጣ። ሐጃ በቱል አሮጌ ቶባቸውን ቀድደው ሣሩን ከመንገዱ ግራና ቀኝ በገዛ እጃቸው አሰሩት። «ቅጠሉ ፊት እንዳይቧጭር ነው» አሉ፤ የማን ፊት እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

ዑስማን የመጣው በዚህ መሐል ነው። ጡብ የጫነ መኪና አስከትሎ መጣ። ያ ግንበኛም መጥቶ መሬቱን ረገጠ፤ ጠንክሯል። ክር ዘረጋ። ክሩ በሣሩ መሐል ለመሐል አለፈ።

«ይነቀል» አለ ዑስማን።

«አይነቀልም!» አሉ ሐጃ በቱል ከዚህ በኩል። በዚያው ቅጽበት ከዚያ በኩልም «አይነቀልም!» ተባለ። ዑስማን አክስቱን ያየው ልጅ ሆኖ ነው። ወደ ሣሩ ዞሮ፣ ሣሩ የተናገረው ይመስል፣ ደንግጦ ቆመ።

እናቴ በረንዳው ሥር ሆና መጥረጊያዋን ደረቷ ላይ ይዛ ነበር። ነገሩ ሁሉ የሷ እጅ ሥራ ነው፤ ግን የጠየቃት የለም። 

«እሺ፣ ማሌሽ፣ ግድ የለም» አለ ግንበኛው። «ካልተነቀለ ግንቡ ወደ አንዱ ግቢ ፈቀቅ ማለት አለበት። ወደ ማን ልግባ?»

ሐጃ አምና በቀጭኑ መንገድ ብቅ አሉ። «ወደ እኔ ግባ» አሉት።

«ማን ጠየቀሽ?» አሉ ሐጃ በቱል። «የኔ ልጅ ነው የሚያስገነባው። ወደ እኔ ነው የሚገባው።»

«ግቢሽ ጠባብ ነው።»

«ግቢዬ ጠባብ ነው? ያንቺ ነው እንጂ ጠባብ! ነገ ልትወድቂ ስትይ እንኳን ቦታ የለሽም!»

«በቱል፣ መሬቱን ከኔ ይውሰድ ብያለሁ!»

«አምና፣ ከኔ ይውሰድ ብያለሁ!»

በስማቸው ሲጠራሩ የሰማኋቸው ያኔ ነው። ጭቅጭቁ እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር አዛን ቀጠለ። ዑስማን አንዷን ሲለምን ሌላዋ ትጮኽበታለች። ግንበኛው ክሩን ጠቀለለ፣ አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገ። «ስትስማሙ ጥሩኝ» ብሎ ሄደ።

አልተስማሙም። በማግሥቱም፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ነበር። የዑስማን ዕረፍት አለቀና ወደ ጂዳ ተመለሰ። ጡቡ ከሣሩ መጨረሻ፣ ቀጭኑ መንገድ በሚያልፍበት ቦታ እንደተቆለለ ቀረ። ቁመቱ ለመቀመጫ የሚመች ነው። እናቴ አንድ ቀን ያን ነፋስ የወሰደውን ምንጣፍ አራግፋ ላዩ ላይ አነጠፈችው።

ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሁለቱ መጥተው ይቀመጡበታል። ሻዩን የማመጣው እኔ ነኝ።

«ጠጋ በይ» ይላሉ ሐጃ በቱል፣ «ጡቡን ያመጣው የኔ ልጅ ነው።»

«የተቆለለው የኔ መሬት ላይ ነው» ይላሉ ሐጃ አምና፤ ጠጋም ይላሉ።